የጥርስ ሕክምና ተማሪን እጅ ከርቀት ማስተማር፦ ከደብረ ማርቆስ ሆኜ እንዴት እንደምሰራው

ይሄን ምጽፈው ለአስተማሪዎች ነው፣ በተለይ እንደኔ ራሳቸው ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ቁጭ ብለው ተማሪዎቻቸው ግን ቡሬ፣ ሞጣ፣ ዳንግላ፣ ቢቸና፣ መርጡ ለማርያም ቤተሰባቸው ጋ ለተበተኑባቸው። መጋቢት 2012 በኮቪድ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ያው ሁላችንም ደነገጥን፣ ከዛ ደሞ ከ2015 ክረምት ጀምሮ እዚህ አካባቢ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፣ መንገዱም ዳታውም ሲጠፋ ሲመጣ። ስለዚህ የርቀት ትምህርት ለኛ የፋሽን ጉዳይ አይደለም፣ ድንገት የሆነ ቀን ጠዋት ተነስተህ ምትገባበት ነገር ነው።

በመጀመሪያው ዙር የሰራሁትን ልንገራችሁ። 40 ደቂቃ፣ 50 ደቂቃ የሆነ ስላይድ ላይ ድምፄን እየቀዳሁ ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩ። ኮራሁም። ልጆቹ ሲመለሱ ቲዎሪውን ጠይቀህ አይስቱም፣ የብላክን ክላስ (የነቀዘ ጥርስ አመዳደብ) ከ1 እስከ 6 እንደ ውዳሴ ማርያም ይደግሙልሃል፣ ፕሮብ (ጥርስ ሚመረመርባት ቀጭን መሳሪያ) ስሰጣቸው ግን እንደ ወጥ ማማሰያ ጨብጠው ያዙት። አንዱማ ሚረሩን (አፍ ውስጥ ምትገባዋን ትንሽ መስታወት) በጀርባው ይዞ ለምን አይታየኝም አለኝ። ጥፋቱ የነሱ አይደለም፣ እኔ ለወራት ትምህርት ልኬ ልኬ የአንዳቸውንም እጅ አንድ ቀን አላየሁም ነበር።

የሚገርመው እኛ ጎጃሞች ይሄን ማንም ሊነግረን አይገባም ነበር። ቅኔ ቤት የኔታ ቅኔ ዘርፈው አሳይተው ብቻ አይተዉም፣ ተማሪው ሜዳ ወጥቶ ራሱ ቆጥሮ ይመጣና ይነግራል፣ የተበላሸችው ቃል ላይ እዛው ይታረማል፣ ተማሪ ሲበዛ ደሞ አስነጋሪው (ቀድሞ የተማረው ረዳት) ይቀበላል። እኔ አሁን ምሰራው በቃ ይሄንኑ ነው። ከኔ ወደ ተማሪው ሚሄደው ትንሽ ነው፣ ከተማሪው ወደኔ ሚመጣው ብዙ ነው። ከታች ያለውን ሁሉ በዚህ ዓይን አንብቡት።

ደረጃ 1፦ ምን ቤት እንደሚሰራ ምን እንደማይሰራ ቁረጡ

ይሄን ሳትቆርጡ ምንም አትጀምሩ። ቤት ሆኖ መማር የሚቻለው፦ አያያዝ፣ የጣት ድጋፍ፣ አቀማመጥ፣ በመስታወት ማየት፣ የጥርስ ቅርፅ ማወቅና መቅረፅ፣ የጥርስ ቁጥር፣ ቻርት መሙላት፣ የእጅ መሳሪያ ብቻ ሚፈልግ ሙሌት በተነቀለ ጥርስ ላይ፣ ስፌት፣ ታካሚ ማናገር፣ የማደንዘዣ ልክ ማስላት። የማይቻለው፦ ሃንድፒስ (የጥርስ መሰርሰሪያ)፣ ሰው ላይ መርፌ፣ ሰው ላይ መንቀል፣ ስኬሊንግ (የጥርስ ድንጋይ ማንሳት)፣ በቃ ሰው አፍ ውስጥ ሹል ነገር ሚገባበት ሁሉ።

ይሄን በጽሑፍ አድርጋችሁ አስፈርሟቸው። ለምን መሰላችሁ፣ ልጁ ቀበሌው ውስጥ "ዶክተር መጣ" ይባላል፣ ጎረቤት ጉንጩን ይዞ ይመጣል፣ እናት ራሷ "በል እንጂ ልጄ እየው፣ ለሰው ስትማር እኛን ትተህ ነው?" ትላለች። ልጁ ደሞ እቃ በእጁ አለ። ያኔ ልንቀል ብሎ ማይፈተን የለም። ስለዚህ መልሱን አስቀድማችሁ አስጠኑት፦ "እኔ ገና ተማሪ ነኝ እማማ፣ ጤና ጣቢያ አብሬሽ ልሂድ።" ከመንጋጋ ስር ወይም ከምላስ ስር ያበጠ፣ ትኩሳት ያለው፣ መዋጥ ወይ አፍ መክፈት ያቃተው ሰው ካገኙ ግን ጤና ጣቢያም ሳይሉ ቀጥታ ሆስፒታል፣ እብጠቱ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላልና በዛው ቀን።

ደረጃ 2፦ የመሳሪያ ጥቅሏን አዘጋጁ

ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ ብትይዙት ጥሩ፣ ካመለጣችሁ ግን በሚኒባስ ይላካል። እኔ ለእያንዳንዱ ምሰጠው፦ ሚረር፣ ፕሮብ፣ ትዊዘር፣ ሁለት ኤክስካቬተር (የበሰበሰ ጥርስ መቆፈሪያ)፣ የዓለም ጤና ድርጅት ፕሮብ አንድ (ጫፏ ላይ 0.5 ሚሊሜትር ኳስ ያላት፣ ጥቁሩ ቀለበት ከ3.5 እስከ 5.5 ሚሊሜትር)፣ መርፌ መያዣ ከክር ጋር፣ ጓንት፣ ማስክ፣ መነፅር። ታይፖዶንት (ሰው ሠራሽ የመለማመጃ መንጋጋ) ለሁሉም ሚበቃ ካላችሁ እግዜር ይስጣችሁ፣ እኛ ጋ ለሦስት አንድም አይደርስ።

ቀሪውን ከቤት ያገኛሉ። የልብስ ሳሙና፣ ድንች (ድንቹ በተለይ እንጅባራ አካባቢ ላሉት ችግር አይደለም)፣ ማስመሪያ፣ ባዶ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን፣ የሃይላንድ ክዳን፣ ጀሶ፣ ሙዝ። ሻማ ሰምም ይሆናል ግን ንብ ሰም ይለሰልሳል፣ ቅርፅ አይዝም፣ ሳሙና ይሻላል።

የተነቀለ ጥርስ ምትሰጡ ከሆነ ማፅዳቱ የናንተ ስራ ነው የተማሪው አይደለም። ታካሚው ፈቅዶ የሰጠው መሆን አለበት። ከተነቀለ ጀምሮ እርጥበት ውስጥ ይቀመጥ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ይበቃል፣ ከደረቀ ይሰነጠቃል። ከዛ አማልጋም (ሜርኩሪ ያለበት የብረት ሙሌት) የሌለበትን ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ጀርም መግደያ) ውስጥ በ121 ዲግሪ ለ40 ደቂቃ። አማልጋም ያለበትን ግን ኦቶክሌቭ እንዳታስገቡ፣ ሜርኩሪው ይተናል፣ እሱን 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ 2 ሳምንት። ወይም ቀላሉ፣ አማልጋም ያለበትን ጭራሽ አትላኩ።

ደረጃ 3፦ የስልኩ አቀማመጥ

ይሄ ተራ ነገር ይመስላል ግን ግማሹ ችግር እዚህ ነው። ሁለት ዓይነት ቪዲዮ ብቻ ነው ምጠይቀው። አንዱ ከጎን፣ ከወገብ በላይ ሚያሳይ፣ ጀርባና ክርን ለማየት። ሌላው ከላይ በቅርበት፣ ጣትና መሳሪያ ለማየት። ስልኩን ሁለት የመጽሐፍ ቁልል መሃል በተጋደመ ማስመሪያ ላይ አስተኝቶ ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ ማድረግ ነው። ብርሃን ከመስኮት፣ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ምርጥ ነው፣ መስኮቱ ከፊት ወይ ከግራ ይሁን እንጂ ከጀርባ ከሆነ የራሱ ጥላ እጁ ላይ ይወድቃል።

አንድ ጉድ ልንገራችሁ። የፊት ካሜራ ግራና ቀኝ ይገለብጣል። አንድ ሳምንት ሙሉ አንዷን ልጅ 36 (የታች ግራ ጥርስ) ስላት 46 (የታች ቀኙን) ታሳየኛለች እያልኩ ሳርማት ከርሜ፣ ኋላ ስናጣራ ሴልፊ ካሜራ ነበር፣ ልጅቷ ትክክል ነበረች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ስለዚህ ሁሌ የኋላ ካሜራ፣ እና ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ ቀኝ እጅ ብድግ ተደርጎ ይታይ።

ርዝመቱ ከ1 ደቂቃ አይለፍ። ጥራቱ 480 በቂ ነው፣ ቴሌግራም ራሱ ይጨምቀዋል። ላኩ ስትሏቸው የሌሊት የዳታ ጥቅል ሚገዙበትን ሰዓት አስቡ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ዴድላይን ማድረግ ድሃ ተማሪ መቅጣት ነው። የቤተሰብ ፊት፣ የሰው አፍ፣ ጉሩፕ ላይ አይለጠፍም፣ ለኔ በግል እንኳን ቢሆን አልፈልግም።

ደረጃ 4፦ የናንተ ቪዲዮ አጭር፣ በአራት ዙር

የፔይተን አራት እርከን ሚባል አለ፣ ለርቀት እንደተሰራ ነው። መጀመሪያ ምንም ሳትናገሩ በትክክለኛ ፍጥነት ስሩት። ሁለተኛ እየቆራረጣችሁ እያስረዳችሁ ስሩት። ሦስተኛ ተማሪው በቃሉ ይንገራችሁና እናንተ እሱ እንዳለው ብቻ ስሩ። አራተኛ ተማሪው ራሱ እየተናገረ ይስራ።

ሦስተኛዋን ሁሉም ይዘላታል፣ ዋናዋ ግን እሷ ናት። እኔ በስልክ ጥሪ ነው ማደርጋት፣ ዳታም አትፈልግም። ተማሪው ይናገራል እኔ እሰራለሁ፣ ሲሳሳት አላርመውም፣ የነገረኝን አደርጋለሁ። "ኤክስካቬተሩን አስገባለሁ ከዛ አነሳለሁ" ይላል። "የት ነው ጣቴ ያረፈው?" እለዋለሁ። ዝም። "እንግዲያው እጄ አየር ላይ ነው ዶክ፣ አሳርፍ አልተባልኩም፣ ሸተት ብሎ ድድ ወጋሁ" እለዋለሁ። ይስቃል፣ ግን ከዛ በኋላ የጣት ድጋፍ አይረሳም።

ደረጃ 5፦ ልምምዶቹ

ቅደም ተከተሉን አትቀያይሩ፣ አንዱ አንዱን ይሸከማል።

ሀ) በመስታወት ፊደል መፃፍ። ላይኛው መንጋጋ ላይ ምትሰራው አብዛኛውን በሚረር እያየህ ነው፣ እጅ ደሞ መስታወት ውስጥ ሲያይ ግራ ይጋባል። ወረቀት ላይ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ ትልቅ ትልቅ አድርጎ ይፃፍ፣ ወረቀቱን በካርቶን ይከልል፣ ከፊቱ ባቆመው መስታወት ብቻ እያየ ፊደሎቹን በእርሳስ ይከተል። መጀመሪያ ቀን አንድ ፊደል ሳይጨርስ ይናደዳል። በቀን 15 ደቂቃ ለ10 ቀን፣ ከዛ ወደ ትንሿ ሚረር ይሻገር፣ በስተመጨረሻ ፊደሉ 1 ሳንቲሜትር ይሁን። ሚላከው የ1ኛው ቀንና የ10ኛው ቀን ወረቀት ፎቶ ነው፣ ጎን ለጎን። ቪዲዮ አያስፈልግም። የቤት መስታወት ሁለት ምስል ያሳያል፣ መስታወቱ ከላይ ብሩ ከኋላ ስለሆነ፣ ተማሪው ዓይኔ ነው ብሎ እንዳይደነግጥ ንገሩት።

ለ) አያያዝና ድጋፍ። እስክሪብቶ አያያዝ ይመስላል ግን የመሃል ጣት እስክሪብቶ ስንይዝ እንደምናደርገው ከጎን አይተኛም፣ ጫፉ መሳሪያው ላይ ያርፋል። የቀለበት ጣት ደሞ ጥርስ ላይ ይቆማል፣ ምሰሶ ነው። ይሄን ለማየት ቀላሉ ዘዴ፣ ተማሪው ድንች ላይ በፕሮብ 20 ነጥብ በአንድ መስመር በ2 ሚሊሜትር ርቀት ይወጋ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አድርጎ ፎቶ ያንሳ። ምሰሶ ጣት የሌለው ሰው መስመሩ እንደ አባይ በረሃ መንገድ ይጠማዘዛል፣ ፎቶው ላይ ወዲያው ይታያል፣ ምንም መከራከር የለም።

ሐ) ሳሙና መቅረፅ። የላይኛው መካከለኛ ኢንሳይዘር (የፊት ጥርስ) በአማካይ አክሊሉ 10.5፣ ስሩ 13፣ ወርዱ 8.5፣ ውፍረቱ 7 ሚሊሜትር ነው። በ4 እጥፍ ሲሰራ አክሊሉ 42፣ ስሩ 52፣ ወርዱ 34፣ ውፍረቱ 28 ሚሊሜትር ይሆናል፣ የልብስ ሳሙና ላይ ልክ ይገባል። መጀመሪያ ሁለት ጎን በእርሳስ ይሳላል፣ ከፊትና ከጎን፣ ከዛ ከፊት የተሳለውን ብቻ ይቆርጣል፣ ከዛ የጎኑን፣ መጨረሻ ላይ ነው ማዕዘኑ ሚሸረፈው። ተማሪ ሁሌ ከማዕዘን ይጀምርና ጥርሱ እንደ እንቁላል ይድበለበላል። ከዛ ወደ ታችኛው መጀመሪያ ሞላር (መንጋጋ ጥርስ)፣ አምስት ጉብታና ሁለት ስር። ሲጨርስ አራት ፎቶ፣ ከማስመሪያ ጋር። የተፈጨውን ሳሙና እናት ለልብስ ትወስደዋለች፣ ምንም አይባክንም (አንዷ እናት "ይሄ ትምህርት ጥሩ ነው ቀጥሉበት" ብላ ልካብኛለች)።

ሳሙናውን ከቀረፀ በኋላ አይጣል። ጀሪካኑ ላይ የአፍ ያህል ቀዳዳ ይቁረጥ፣ የአዋቂ አፍ ሲከፈት 4.5 ሳንቲሜትር ግድም ነው፣ ጀሪካኑን ወንበር ጀርባ ላይ በክርን ቁመት ይሰረው፣ ጥርሶቹን በተፈጥሮ መጠን ሰርቶ ጀሶ ላይ ተክሎ ውስጡ ያስገባ። ይሄ ነው የድሃ ፋንተም ሄድ (ሰው ሠራሽ የመለማመጃ ጭንቅላት)። ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሚሰራ ልምምድ ውሸት ነው፣ ጉንጭ የለም፣ ከንፈር የለም፣ ጨለማም የለም። ጀሪካኑ ውስጥ ሲገባ ነው ሚረር መያዝ፣ ባትሪ ማስተካከል፣ ጀርባ አለማጉበጥ ሚመጣው። ከዓይን እስከ ቀዳዳው 35 እስከ 40 ሳንቲሜትር፣ ቀኝ እጅ ተጠቃሚ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓት አቅጣጫ መሃል ይቀመጥ (የፈረንጅ ሰዓት ፊት አስቡ፣ 12 ከጭንቅላቱ በላይ)። የጎን ቪዲዮው ሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

መ) ቁጥር። ይሄ ዳታ አይበላም። 10 ቁጥር በድምፅ እልካለሁ፦ 36፣ 14፣ 75፣ 21... ተማሪው ምን ጥርስ እንደሆነ ጽፎ ይመልሳል። የመጀመሪያው አሃዝ ሩብ፣ ሁለተኛው ከመሃል ወደ ኋላ ቆጠራ፣ የወተት ጥርስ ከ5 እስከ 8 ባለው ሩብ። 75 ሲባል የታች ግራ ሁለተኛ የወተት ሞላር ነው፣ እዚህ ላይ ነው ሚሳሳቱት። ከዛ የራሳቸውን አፍ በመስታወት አይተው ቻርት ይሙሉ።

ሠ) የእጅ ሙሌት በተነቀለ ጥርስ። ዲሪል የሌለው ሙሌት ዘዴ በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው፣ ታንዛኒያ ነው የተጀመረው፣ መብራት ለሌለበት አገር ታስቦ፣ ስለዚህ እዚህም ቤት ይሰራል። ተማሪው የነቀዘውን ጥርስ ሃይላንድ ክዳን ውስጥ በጀሶ ይተክላል፣ በኤክስካቬተር የበሰበሰውን ያወጣል። ከዳር ይጀምራል፣ ኢናሜልና ዴንቲን (የጥርሱ ውጪኛና ውስጠኛ ክፍል) ሚገናኙበት መስመር ላይ፣ ዳሩ ንፁህ ካልሆነ ሙሌቱ አይታተምም፣ ወደ ፐልፕ (ነርቩ ወዳለበት) ያለውን ወለል በመጨረሻ ቀስ ብሎ። በእጅ ሚሰማውን ነገር ቪዲዮ አያሳየኝም፣ ስለዚህ ድምፁን ክፈቱ እላለሁ፣ ለስላሳው ላይ ኤክስካቬተር ድምፅ የለውም፣ ጠንካራው ላይ ሲደርስ ይፋጫል፣ ስልኩን አጠገቡ ካደረገው ይሰማል። ይሄን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ቪዲዮው ጨለማ ሆኖብኝ ድምፁን ብቻ ስሰማ።

ግላስ አዮኖመር (ሚሞላው ማቴሪያል) ውድ ነው፣ ለአንድ ተማሪ ሁለት ሦስት ሙሌት ምትሆን ብቻ ነው ምልከው። ማደባለቅ በ20፣ 30 ሰከንድ ያልቃል፣ ፊቱ ሚያብረቀርቅ እያለ ይገባል፣ ከደበዘዘ ረፍዷል ይጣል። ከዛ ጓንት ያለው ጣት ላይ ቫዝሊን ቀብቶ ጫን ማድረግ። ውዱን ከመንካቱ በፊት በጥርስ ሳሙናና ዱቄት ያደባለቀውን አምስት ጊዜ አሳይቶኝ ነው።

ረ) የበግ መንጋጋና ስፌት። ፈረንጆቹ በአሳማ መንጋጋ ይለማመዳሉ፣ እኛ በግ አለን። ደሞ ታውቃላችሁ በግም እንደኛ 32 ጥርስ ነው ያለው፣ ብቻ ላይኛው ፊት ላይ ጥርስ የለውም፣ ጠንካራ ድድ ነው። ድድ መሰንጠቅ፣ ማንሳት፣ መስፋት እዚህ ላይ ያምራል። ከቄራ፣ ከተመረመረ በግ ይሁን፣ ጓንት ይደረግ፣ የማድ ቤት ቢላዋ እንዳይነካው፣ ሲያልቅ ይቀበር፣ ለውሻ አይጣል። እና ካላንደር እዩ ጎበዝ! እኔ አንዴ ዐቢይ ጾም መሃል ላይ የበግ ጭንቅላት አዘዝኩ፣ 55 ቀን ጾም፣ ሉካንዳ ዝግ፣ ቤተሰብ ደሞ ጾም ውስጥ ጭንቅላት ይዞ ሚገባ ልጅ ምን እንደሚሉት አስቡት። አሁን ከፋሲካ ማግስት ነው ማደርገው፣ ያኔ ጭንቅላቱ በነፃ ይገኛል። በጾም ሙዝ ልጣጭ ይሰፋሉ። ልጣጩ ከተቀደደ ክሩን አጥብቀህ ስበሃል ማለት ነው፣ እንደውም ከበጉ ይልቅ ሙዙ ታማኝ ዳኛ ነው። ከጠርዙ 3 ሚሊሜትር ገብቶ 3 ሚሊሜትር ወጥቶ፣ ቋጠሮው ቁስሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን።

ሰ) ማደንዘዣ፣ ያለ መርፌ። የማደንዘዣ መርፌ አልክም። የታችኛው መንጋጋ ማደንዘዣ ሚወጋበትን ቦታ ሚያሳዩ ምልክቶችን ግን ሁሉም ሰው ተሸክሟቸው ነው ሚዞረው። እጁን ታጥቦ ጠቋሚ ጣቱን ከኋለኛው ሞላር ጀርባ አስገብቶ የአጥንቱን ጠርዝ ጎድጓዳ ይዳስስ፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ በመስታወት ከላይ ወደ ታች ሚወርደውን እጥፋት ይይ። ከዛ በቃሉ ይንገረኝ፦ ሲሪንጁ ከተቃራኒው ጎን ፕሪሞላሮች (ከክራንቻ ኋላ ያሉት ትንንሾቹ) በኩል ይመጣል፣ ከ20 እስከ 25 ሚሊሜትር ይገባል፣ አጥንት ይነካል፣ ትንሽ ይመለሳል፣ ደም አለመኖሩ ይሳባል፣ 1.5 ሚሊ ሊትር ቢያንስ በ1 ደቂቃ ቀስ ተብሎ። አጥንት ካልነካስ? ቀድሞ ከነካስ? ይሄን ሳይመልስ አይለፍ።

ልኩን ደሞ በሂሳብ። 2 በመቶ ሊዶካይን 1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ሚሊግራም፣ 1.8 ሚሊ ሊትር ካርትሪጅ (የማደንዘዣ ብልቃጥ) ውስጥ 36። ጠንቃቃውን 4.4 ሚሊግራም በኪሎ ከያዝን 20 ኪሎ ሚመዝን ልጅ 88 ሚሊግራም፣ ማለትም 2 ካርትሪጅና ትንሽ። "3 እሰጠዋለሁ" ያለ ተማሪ 108 ሚሊግራም ሰጠ። እንዲህ ዓይነት ሂሳብ በሳምንት አንድ፣ በድንገት፣ በቴክስት።

ደረጃ 6፦ ሰው ማናገር

ይሄ ከሁሉም በላይ ቤት ሆኖ ሚሻል ነገር ነው። ግቢ ውስጥ እያለ ተማሪው በእንግሊዝኛ "ሻርፕ ነው፣ ደል ነው፣ ትሮቢንግ ነው" ይላል፣ ከደጀን የመጡ እናት ፊት ሲቀመጥ ግን ቃል ያጣል። ስለዚህ ምሰጠው ስራ፦ ከቤት ወይ ከጎረቤት ሦስት ትልልቅ ሰዎች ስለ ጥርስ ሕመማቸው ጠይቅ፣ ፈቃድ ጠይቅ፣ የተናገሩትን ቃል በቃል ጻፍ፣ ስም አትጻፍ።

ምን እንደሚመጣ ብታዩ። "ይጠዘጥዘኛል"፣ "ይነዘንዘኛል"፣ "ቀዝቃዛ ሲነካው ይሰቀጥጠኛል"፣ "ሌሊት ይቀሰቅሰኛል"፣ "ትል በልቶታል"፣ "ስነክስበት ይወጋኛል"። ከዛ በስልክ አንድ ላይ እንፈታዋለን። ቀዝቃዛ ሲነካው ሰቅጥጦ ወዲያው ሚተው ከሆነ ነርቩ ገና ሊድን ይችላል፣ ራሱ በራሱ ሚጠዘጥዝና ሌሊት ሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ነርቩ እየሞተ ነው፣ ሲነክስ ሚያመው ከሆነ ስር ጫፍ ላይ ደርሷል ብለህ ጠርጥር። አሁን ልጁ አንድ ቃል ሰምቶ ቀጣዩን ጥያቄ ማወቅ ጀመረ ማለት ነው። "ትል የለም" ብሎ አዋቂ ፊት መከራከርም ትምህርት ነው፣ አንቱ እያሉ፣ ሳያሳፍሩ፣ ትሉን ትቶ ስለ ስኳርና ስለ ብሩሽ ማውራት።

ስለ ግግም ይጠይቁ። ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው ግግ ነው ብሎ ያልወጣ ጥርስ ማስወጣት ብዙ ቦታ አለ፣ ሚወጣው የወተት ክራንቻ ነው፣ ስሩ ያለው ቋሚው ጥርስም ይበላሻል፣ ኢንፌክሽንና ደም መፍሰስም ያመጣል። ተማሪው አያቱ ጋ ቁጭ ብሎ ካልሰማው የት ይሰማዋል? መፋቂያም እንደዛው፣ ወይራ ወይ ክትክታ ሚፍቅ ሰው ብሩሽ ግዛ ከማለት መጀመሪያ እንዴት እንደሚፍቅ አይቶ፣ ከድድ ወደ ጥርስ ጫፍ እንዲያደርገው ማሳየት።

ደረጃ 7፦ እርማት

ተማሪው ሲልክ መጀመሪያ ራሱ ስህተቱን ይጻፍ። "0:17 ላይ ጣቴ ለቀቀ።" ሳይጽፍ የላከውን አላይም፣ መልሼ እልካለሁ። ከዛ የኔ መልስ በድምፅ ነው፣ ሰከንዱን ጠርቼ፣ በአንድ ጊዜ አንድ እርማት ብቻ፣ ሁለትም አይደለም። አምስት ነገር ብትሉት አንዱንም አያስተካክልም። በ24 ሰዓት ውስጥ ካልመለሳችሁ ደሞ ልጁ የተሳሳተውን 10 ጊዜ ደግሞታል፣ እጅ ለምዷል፣ አሁን ማስለቀቅ ነው ስራችሁ።

30 ተማሪ ካላችሁ የ1 ደቂቃ ቪዲዮ አይቶ መመለስ 5 ደቂቃ ይወስዳል፣ 150 ደቂቃ ነው፣ በየቀኑ አይቻልም። አስነጋሪ አድርጉ። ከከፍተኛ ዓመት ወይ ከዛው ክፍል ቀድሞ ያለፈ ልጅ ለአምስት ለአምስት ይመደብ፣ እሱ ይቀበል፣ ለናንተ ከየቡድኑ ምርጡንና ያስቸገረውን ብቻ ይላክ። አስነጋሪው ራሱ በሳምንት አንዴ ለናንተ ይነግራል፣ አለዚያ የሱ ስህተት በአምስት ይባዛል።

ሴት ተማሪዎቻችሁን ለየት አድርጋችሁ ጠይቁ። ቤት ስትገባ ተማሪነቷ ይረሳል፣ እንጀራው፣ ውሃው፣ ወንድሞቿ። ቪዲዮ ያቆመች ልጅ ሰነፈች ብላችሁ አትደምድሙ። እኔ ለቤተሰብ በአማርኛ አጭር ደብዳቤ አለኝ፣ "ልጅዎ በቀን አንድ ሰዓት ተኩል እጇን ትለማመዳለች፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም ፈተና አለው" ሚል፣ የሰራው ለብዙዎቹ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ላይ ደሞ ለገጠር ልጆች ሁሉ ስራ ቀንሱ።

ደረጃ 8፦ ኔትወርክ ሲጠፋ

ይጠፋል፣ ስለዚህ ከመጥፋቱ በፊት ነው ሚዘጋጁት። የእያንዳንዱ ልምምድ ወረቀት አንድ ገጽ ታትሞ ጥቅሏ ውስጥ ይግባ። ቪዲዮዎቹ ሚሞሪ ካርድ ላይ። አንድ ከተማ ላይ ያሉት ልጆች በዜንደር ይቀባበሉ። እኔ ጋ የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የደምበጫ ልጆች ቪዲዮአቸውን ፍላሽ ላይ ሰብስበው በሚኒባስ ይልኩልኛል፣ ሹፌሩ ስም ተጽፎበት ያመጣል፣ እኔ እርማቱን በድምፅ ቀድቼ በዛው ፍላሽ እመልሳለሁ። በሳምንት አንድ ዙር ነው ግን ይዞራል። ጥሪ ሚሰራ ከሆነ ሦስተኛዋ እርከን፣ ቁጥሩ፣ ሂሳቡ፣ የማደንዘዣው ንግግር ሁሉ በጥሪ ይቀጥላል።

ደረጃ 9፦ ፈተናና መመለሻ

ማርክ ለመስጠት ለእያንዳንዱ ልምምድ 10 ነጥብ ያለው አዎ ወይ አይደለም ሚባል ዝርዝር በቂ ነው። ከነሱ ሦስቱ ቀይ ናቸው፦ የጣት ድጋፍ የለም፣ ጓንት ወይ መነፅር የለም፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ራሱ ጣት ዞሯል። አንዱ ቀይ ካለ ሌላው 9 ቢሆንም ወደቀ። ሁለት አስተማሪ ሳይነጋገር ያርም፣ ፋይሉ ላይ ስም ሳይሆን ቁጥር ይሁን። ኩረጃ ሚፈራ ካለ፣ ቪዲዮው መጀመሪያ ላይ በዛው ጠዋት የላካችሁትን ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ ያሳይ።

እና ቤት ሆኖ 100 ያገኘ ተማሪም ተመልሶ ሲመጣ ቀጥታ ታካሚ ጋ አይገባም። መጀመሪያ ሳሙናውንና የ10ኛ ቀን ወረቀቱን ይዞ ይመጣል፣ ፊት ለፊቴ አንዱን ይደግመዋል። ከዛ ፋንተም ሄድ ላይ ሃንድፒስ ከዜሮ፣ ውሃው፣ ንዝረቱ፣ ድምፁ ለሱ አዲስ ነው፣ በደቂቃ 300 ሺህ ጊዜ ሚሽከረከር ነገር ሳሙና ላይ እንደተለማመደው አይደለም። እኔ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እሰጣለሁ። የመጀመሪያው ታካሚ ላይ ምርመራና ቻርት ብቻ፣ አጠገቡ ቆሜ። መርፌ ከዛ በኋላ፣ እጁን በእጄ ይዤ።